ትንፋሽ ጠባቂው እጅ

ለውድ እናቴ፤ ቡርዖ

የአላህ ሰላምና እዝነት ባንቺና በደጃፍሽ ላይ ይሁን። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ያዘዙልሽን ቅባት ትታሺያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? ፍየሎቹ ውኃ አላጡም? እዚህ በርበራ ሙቀቱ ገብቷል። ነፋሱ አሸዋውን እያነሣ በየቀዳዳው ይከታል፤ ሻይ ስንጠጣ እንኳ ከጥርሳችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ሮብሌ ደህና ነው፤ ወደ ጂዳ የሚጫነው በግ ስለበዛ ከወደቡ የሚመለሰው በግ በግ እየሸተተ ነው። እናቱ፣ አማቴ ኤዶ ዓምባሮም ሰላም በይልኝ ብለውሻል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ግን ከዚህ ርቀትም ቢሆን አንቺን መዋሸት አይሆንልኝም።

እባክሽ ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጡት ተማሪዎች ፊደል አስቆጥረውሽ የለ? በጣትሽ እየተከተልሽም ቢሆን ቀስ ብለሽ አንብቢው እንጂ ለወንድሜ ለዩሱፍ እንዳትሰጪው። እሱ ሲያነብ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

ነገሩ የሰሀል እንቅልፍ ነው። ልጄ አይተኛም። በቀላሉ ቢወለድልን ጊዜ ሰሀል፣ ቀላል፣ አልነው፤ ቅለቱ ግን እዚያው ላይ ቀረ። በአርባ ቀን አራስነቴ አንቺ ከጎኔ ሳለሽ እንዴት እንደነበረ ታውቂያለሽ፤ ጠጥቶ ድፍት ነበር። አሁን ዐይኑ ከተከደነ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም፤ ብንን ብሎ ይጮኻል። ጉንጩ ሟሙቷል። ጎረቤታችን ሳሙና ልትበደር መጥታ አየችውና፣ «ይህ ልጅ የወደብ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ እንዴ? ደመወዙን ማን ነው የሚበላው?» አለች። አብሬያት ሳቅሁ፤ ስትወጣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ኤዶ ዓምባሮ ጂን ነው ብለው ከትራሱ ሥር መቀስ አኖሩ። የሮብሌ እህት ሹክሪ፣ ዐደን ተምራ የመጣችው ነርስ፣ መቀሱን አወጣችና «እማዬ፣ ልጁን ልታሳድጊው ነው ወይስ ልትሰፊው?» አለቻቸው። እሳቸውም «አንቺን ያሳደግሁሽ በዚሁ መቀስ ነው፤ ምላስሽን መቁረጡን ረስቼ እንጂ» ብለው መልሰው ከትራሱ ሥር ከተቱት። ሹክሪ የምትለው፣ ልጁ ጠጥቶና ታጥቦ፣ ዐይኑ ሳይከደን ለብቻው ይጋደም፤ እንቅልፉን ራሱ ያምጣ ነው። «ልጅ እንዳስለመዱት ነው የሚተኛው። ጡት አጉርሰሽ ካስተኛሽው፣ ሲነቃም ጡቱን አምጪ ይልሻል» አለችኝ። ኤዶ ዓምባሮ ደግሞ ሕፃን ከእናቱ ጎን አይለይም፣ ግልገል እንኳ ለብቻው አይታሰርም ባይ ናቸው። እኔ የሁለቱንም ሞከርኩ። በአንዱም አልተኛም። ምክንያቱን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቴ፣ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ።

ዐይኑ ክድን፣ ጣቶቹ ልቅቅ ሲሉ ጎንበስ ብዬ አዳምጠዋለሁ። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ግን የሱ ይሁን የነፋሱ እጠራጠራለሁ። ጣቴን አፍንጫው ሥር አደርጋለሁ። ሞቅ ሲለኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ጣቴን ሳነሣ ደግሞ፣ ያ የመጨረሻው ትንፋሽ ቢሆንስ? እላለሁ፤ እንደገና እመልሰዋለሁ። ሲብስብኝ እግሩን ቆንጠጥ አደርገዋለሁ፤ ሲያለቅስ ነፍሴ መለስ ትላለች። ልጇ ሲያለቅስ ደስ የሚላት እናት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አሁንማ ለመደው። ስነካው ይነቃል፤ ሳልነካው ብቀርም እጄን ፍለጋ ይነቃል። አድጎ ድመት በረገጠች ቁጥር የሚባንን ሰው እንዳይሆን እፈራለሁ። እጄን ግን መያዝ አቃተኝ።

ይህ ሁሉ ከሂቦ ወዲህ ነው። እዚህ ቤት የሴት ልጄን ስም የሚጠራ የለም፤ ለኔው አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን በቀትር አጥብቻት አብረን ጋደም አልን። በዕድሜዬ እንደዚያ ጣፍጦኝ ተኝቼ አላውቅም። እኔ ስነቃ እሷ አልነቃችም። ሹክሪ «አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም፤ ሕፃን እንዲሁ ሳይታመምም የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ሐኪምም አያውቀውም» ትለኛለች። ጆሮዬ ይሰማታል፤ እጄ አይሰማትም።

ለሰው ያልነገርኩትን ለሰሀል ነገርኩት። መቼም በእሹሩሩ የተባለ አይቆጠርም። እናት ልጇን እያስተኛች ባሏን ብታማ፣ አማቷን ብትቦጭቅ፣ የሰማ አልሰማሁም ማለት ነው ወጉ። አንቺስ አባታችንን በዩሱፍ እሹሩሩ ስንቱን ብለሽዋል! እኔም ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ጭር ባለበት ሰዓት፣ ልጄን አቅፌ እንዲህ አልኩ፦

ሆበያ ሆበይ፣ ተኛልኝ ልጄ፣
ትንፋሽህን ይጠብቃል እጄ፤
እህትህን አምኜ ብተኛላት፣
ዐይኔን ስገልጥ ከጎኔ አጣኋት።

ኤዶ ዓምባሮ ለካ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። የጠጠሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ወጉን አላፈረሱም። የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ግን መጥተው ሰሀልን ከእጄ ወሰዱት፤ ጭናቸው ላይ አጋደሙትና፣ እኔን ሳያዩ፣ በሻካራ ድምፃቸው ለሱ ነገሩት፦

ሆበያ ሆበይ፣ የልጄ ልጅ፣
ነፍስ አትጠበቅም በሰው እጅ፤
ጠባቂ አለልህ የማይተኛ፣
እናትህም ትረፍ፣ ትተኛ።

ሰሀል ተኛ። ሻይ ተፈላ፣ ተጠጣ፣ ሲኒው ታጠበ፤ እሱ ግን ተኝቷል። እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ፤ ከዚያ ፈራሁ። ልጁ በደህና እንዲተኛ የጎደለው የኔ አለመኖር ኖሯል።

ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። በወሩ መጨረሻ ሙቀቱን ሸሽተን ሁላችንም ወደ ደጋው ከተማ ወደ ሼክ እንወጣለን። እዚያ ሰሀል ከኤዶ ዓምባሮ ጋር በአንዱ ክፍል፣ እኔ ከሹክሪ ጋር በሌላው እንተኛለን፤ ሲርበው ያመጡልኛል። «ልጄ፣ አልነጠቅሁሽም። አንቺ እንቅልፍሽን ጥገቢና ከዚያ መጥተሽ ውሰጂው» አሉኝ። ሮብሌም «እናቴ እኮ ይህን ሁሉ ሰው አሳድጋለች» ብሎ ጫማውን አሰረና ወጣ። ክፉ ቢሆኑ እምቢ እላቸው ነበር፤ ደጎች ናቸው፣ ምን ልበል? ግን ግድግዳ ከመካከላችን ሲገባ እኔ ይህን እጅ ምን አደርገዋለሁ? በሩን ሰብሬ እንዳልገባ፣ ሰውም አበደች ብሎ ልጄን ጨርሶ እንዳይወስድብኝ እፈራለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ልጅ ሆኜ በእንቅልፌ አንድ እጅ ይመጣብኝ ነበር። ወተት ዕቃ የምታጥኚበት የእንጨት ጢስ ይሸታል። ከአፍንጫዬ ሥር ቆይቶ፣ ቆይቶ ይሄዳል። ሕልም ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼም ይመጣ ነበር። ሮብሌ እንዳገባኝ ሰሞን «አንቺ ስትተኚ እንኳ አንድ ጆሮሽ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ ማን አስፈራርቶ ነው ያሳደገሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በአርባዬ መጥተሽ ከጎኔ ስትተኚ ያ እጅ መጣ። ሰሀል በመካከላችን ተኝቷል፤ እጁ ግን እሱን አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። የልጆች እናት የሆንኩት እኔ ዘንድ። እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ትንፋሼን ረዘም፣ ሞቅ አድርጌ ተነፈስኩልሽ። እጅሽን አነሣሽ፤ ወዲያው ማንኮራፋትሽን ሰማሁ።

ያን እጅ ከኔ በፊት ማን እንዳስለመደሽ አልጠይቅሽም፤ ያልነገርሽኝ ስላልቻልሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፤ ይተዋል ወይ? የሚተው ከሆነ በምን እንደሆነ ጻፊልኝ። የማይተው ከሆነ አትጻፊ፤ በወሩ መጨረሻ በጭነት መኪናም ቢሆን ሼክ ድረስ ነይልኝ። ሰሀል ከኤዶ ዓምባሮ ጋር ይተኛ፤ ሹክሪን ሌላ ቦታ እናስተኛታለን፤ አንቺ ከኔ ጋር ተኚ። አንቺ እጅሽን አድርጊ፤ እኔ እተነፍስልሻለሁ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናው። ፍየሎችሽን ይባርክልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርገው። በዱዓሽ ሰሀልን ጥሪ፤ ሂቦንም ጥሪያት፤ ልብሽ የሚያውቃት ሌላም ካለች አብረሽ ጥሪያት።

«የበኩር ልጄ» እያልሽ ያሳደግሽኝ
ልጅሽ