የወንድም ጋሼ ኔትወርክ

ጥር 8

ዛሬም ጠዋቱ ባከነ። የጥናታችን ተሳታፊ የአንጎል ምስል የሚያነሳው ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ ተኝቶ፣ ስክሪኑ ላይ ቀስት ባየ ቁጥር ቁልፍ መጫን ብቻ ነበረበት። ሰው ትኩረቱን ሲሰበስብ የትኛው የአንጎል ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር እናያለን። በመሃል የመጠጥ ጠርሙስ ፎቶ ብልጭ ይላል... የጠጪውና የማይጠጣው ትኩረት እኩል ይሰረቅ እንደሆነ ለማወቅ።

ሰውዬው ግን እንቅልፍ ወሰደው። በዚያ ሁሉ ጩኸት! ማሽኑ ድንጋይ እንደሚፈልጥ ሲንኳኳ እሱ ያንኮራፋል። ቴክኒሻኗ በማይክሮፎን "ወንድሜ፣ ይንቁ እንጂ!" ስትለው በርግጎ ጭንቅላቱን አነቃነቀ። ምስሉ ተበላሸ። ጭንቅላት ትንሽ ከተነቃነቀ አለቀ።

ጥር 15

እማዬ ደወለች። ወንድም ጋሼ ትናንትም ሥራ አልገባም። ጠጥቶ። በያጅ ነው፤ እጁ የተመሰከረለት፣ ሲሠራ።

"አንቺ የሰው ጭንቅላት ስታዪ ትውያለሽ፤ የገዛ ወንድምሽን ግን አታዪም?"

"እማዬ፣ ማሽኑ እገሌ ለምን ይጠጣል ለሚለው መልስ የለውም። የብዙ ሰው ምስል ተደምሮ ነው የሆነ ነገር የሚታየው።"

"ታዲያ ለምን ይጠቅማል?"

ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት። ስልኩ ተዘግቶም ጥያቄው አልተዘጋም።

ጥር 22

ምሳ እማዬ ጋ። ወንድም ጋሼ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። እሱ! ደስ ብሎኝ አፌ ተከፈተ። ትኩረትን የሚመራ ኔትወርክ አንጎል ውስጥ እንዳለ፣ ብዙ የጠጣ ሰው ጠርሙስ ሲያይ ይሄ ኔትወርክ ሳይጎተት አይቀርም ብለን እንደምንጠረጥር... ሰምቶ ሰምቶ ጭኑን መታ።

"በሉ ስሙ! ጥፋቱ የእኔ አይደለማ። ኔትወርክ ነው!"

ሁሉም ሳቀ። እማዬ እንኳን ሳቀች። እኔ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ።

የካቲት 2

ቀልዱ አላለቀም። ያመሻል፣ "ኔትወርክ ነው"። ሥራ ይቀራል፣ "ኔትወርክ ነው"። አለቃው ግራ ገብቶት እማዬ ጋ ደወለ፤ "ልጅዎ ኔትወርክ ነው ይለኛል፣ ስልኩ ግን ይሠራል!"

ይሄን ሁሉ ዓመት ሰበብ ሲፈልግ ኖሮ... እኔ በሳይንስ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

የካቲት 5

ጥናቱን ከሚመራው ፕሮፌሰር ጋር ተጨቃጨቅን። ማሽኑ ውስጥ የተነቃነቁትን ሁሉ ከጥናቱ አውጪ አለኝ።

"የሚነቃነቁት እኮ ብዙ የሚጠጡት ናቸው። እነሱን አውጥተን ማንን ልናጠና ነው?"

"የተበላሸ ምስል ዳታ አይደለም።"

ልክ ነው። እኔም ልክ ነኝ። ከሁለት ልክ የተረፈኝ ራስ ምታት ብቻ።

የካቲት 12

ማሽኑ ተበላሽቶ ዋለ። ቴክኒሻኗ ሹራቧን ስትሠራ ዋለች። እኔ ጥርሴን ሳፋጭ።

የካቲት 19

ወንድም ጋሼ ሳይናገር ላብራቶሪ መጣ። ተላጭቷል። ሸሚዙ ተተኩሷል። እጁ ግን...

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልቀመስኩም። እዪልኝ ሚጡ።"

"ዘመድ ጥናቱ ውስጥ አይገባም።"

"የምን ጥናት? አንዴ አንጎሌን ልየው። የእውነት ተበላሽቶ ከሆነ ልወቀው፤ ካልሆነም ልወቀው።" አልሳቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

አንድ ምስል ምንም እንደማይነግረው አውቃለሁ። ግን እንዴት እምቢ ይባላል? ቴክኒሻኗን ለመንኳት። እሺ ብላ የተለመደውን ጥያቄ ጀመረች።

"ሥራዎ?"

"በያጅ።"

"ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?"

"በያጅ ሆኖ ያልገባበት አለ እንዴ?"

ብዕሯን አስቀመጠች። ራጅ ተነሳ። የቀኝ ዓይኑ ጥግ አንዲት ነጭ ነጥብ... የብረት ብናኝ። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ቢጎትታት ዓይኑ ይጠፋል። አይገባም። አለቀ።

እንዴት አላሰብኩትም? በያጅ መሆኑን እያወቅኩ!

"ማሽኑም አልፈለገኝ" አለና ጃኬቱን አነሳ። በሩ ላይ ክንዱን ያዝኩት። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚታከሙበት ክሊኒክ አለ። ተሳታፊ የምናገኘው ከዚያ ነው። ሰው ላወርድ ስንቴ ወጥቻለሁ፤ ሰው ይዤ ግን ወጥቼ አላውቅም።

"እነሱ ዓይን አያዩም" አልኩት። "ና።"

ሐኪሟ የእጁን መንቀጥቀጥ አይታ ተቆጣች። ብዙ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም አደገኛ ነው፣ እንኳን መጣህ አለችው። መድኃኒት ሰጠችው፤ ለክትትልም አስተኛችው።

መጋቢት 10

ወንድም ጋሼ ወደ ክሊኒኩ ይመላለሳል። ለግማሽ ቀን ሥራ ጀምሯል። ብዙ አያወራም፤ እኔም አልጠይቅም።

የእኔ ነገር ግን ከድጡ ወደ ማጡ። የተነቃነቁት ሲወጡ በጠጪዎቹና በማይጠጡት መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ፕሮፌሰሩ "ምንም የለም" አለ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው። የሚነቃነቁትን በአጭር በአጭሩ፣ እያሳረፍን እናንሳቸው ብዬ ሙጭጭ አልኩ። መጨረሻ ላይ "ሞክሪ፤ ግን ከዜሮ ነው" አለኝ። ከዜሮ! ኮምፒውተሩን በመስኮት ብወረውረው በወደድኩ።

መጋቢት 24

ጠዋት ስልኬ ጠራ። ወንድም ጋሼ። ደነገጥኩ፤ የእሱን ወሬ ሁሌ የምሰማው ከሌላ ሰው ነው።

"ሚጡ... ትናንት ጠጣሁ።"

ቀልዱን ጠበቅኩ። አልመጣም።

"ማንም አልጎተተኝም። በእግሬ ሄጄ ነው።"

"አሁን የት ነህ?"

"ክሊኒኩ በር ላይ። መግባት አፈርኩ።"

ስለ አንጎል አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሥራዬን እንዳለ ትቼ ደረጃውን ወጣሁ። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ፊቴን ሳያይ "ተናደድሽ?" አለኝ።

"በጣም።"

"እሺ" አለ።

በሩን እሱ ከፈተው። አብረን ገባን።