ጨርቅ የለበሰው እንጆሪ

ለማልጠግብሽ ልጄ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽ ሙሉ፣ እንቅልፍሽም የተመለሰ ሆኖ ያግኝሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ ስወርድ ዝም ይላል፤ እንዲህ ተቻችለን አለን።

ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ እንደማትወጂ አውቃለሁ። የሠራሽው የፍራፍሬ መጠቅለያ እኔ መጋዘን ተሞክሮ ስላልሠራ አለቃሽ በወሩ መጨረሻ ሥራውን ሊያስቆመው እንደሆነ በስልክ ስትነግሪኝ፣ አይዞሽ ብዬሽ ነበር። ጥፋቱ ግን የኔ ነው።

ብርሃን ሲያርፍበት ፍሬው ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል ብለሽ ነው የላክሽልኝ። እንዳልሽው ሃያ ሣጥን እንጆሪ፣ ግማሹን ባንቺው፣ ግማሹን በተለመደው ላስቲክ ጠቅልዬ መስኮቱ ሥር ደረደርኩ። አብረሽ የላክሽው ቅጽ ላይም ብርሃን አለ ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ሁሉንም በወፍራም ጨርቅ ሸፈንኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሬን ከፀሐይ ስደብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ሳላዘው ሄደ። በአምስተኛው ቀን ሁሉም እኩል ሻገተ።

ነገሩን ያወቀችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት፤ እናትሽ ካረፈች ወዲህ የወለቀ ቁልፌን የምትተክልልኝ። ካንቺ ጋር በስልክ ባወራን ማግስት የሥራ ካፖርቴን ጠግና መጋዘን ድረስ አመጣችልኝ። እንዴት እንዳስቀመጥኩት ሳሳያት፣ አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ብርሃን አሳየው ያለችህን ብርድ ልብስ አለበስከው? ወባ ይዞት ነው? አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር። መጀመሪያ ላጣራ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ለጸሎት ቆሜ ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ ይቺን እየዘለልኳት እንደማልፍ ደረስኩበት። አላዋቂ አባት አለኝ እንዳትዪ ፈርቼ ነው።

ከጎረቤታችን ጋር ሆነን በተረፈው መጠቅለያ እንደገና ሞከርን። ጨርቁን፣ እጅህ አይታመንም ብላ ወስዳብኛለች። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። በተለመደው ላስቲክ ያለው ጸጉር አብቅሏል። ያንቺው ካሥሩ ሣጥን ስምንቱ ሻጋታ የሚባል አልነካቸውም። ሁለቱ ጥግ ስለሆኑ ብርሃን አልደረሳቸውም መሰለኝ፤ ተበላሽተዋል፤ እሱንም አልደበቅኩም። የየቀኑን መዝገብና የጨርቁን ነገር የጻፍኩበትን ወረቀት ፈርሜ አብሬ ልኬልሻለሁ። ለአለቃሽ አሳዪው። አባቴ ነው ያበላሸው በዪ፣ ቅር አይለኝም።

እሑድ እናትሽ መቃብር ሄደን ነበር። ልብስ ሰፊዋ በሩ ጋ ቆየችልኝ፤ እኔ ብቻዬን ገብቼ ብዙ ቆምኩ። ስለ እሷ ለእናትሽ የምነግራት ነበረኝ፣ ነገርኳት። ስመለስ ልቤ ቀለለኝ።

የምትመጪበትን ቀን አስቀድመሽ አሳውቂን። ራት ለሦስት ይሰናዳል።

የእጅሽ ሥራ ይባረክ፣ መንገድሽ ይቅና፣ የሚወድሽ ይብዛ።

አባትሽ