ለእማዬ የምትነግሪያት

ካርቱም፣ ዴም
ሰኔ 2007 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔም ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስልክ ያልደወልኩት እማዬ ካጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው። ድምፄን ከሰማች ታውቅብኛለች። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እዚህ የመጣሁት ለሰው ቤት ሥራ እንደነበር ታውቂያለሽ። የአሠሪዬን ልጆች ወደ አንድ ክለብ መዋኛ ሳመላልስ የሴቶቹ አሠልጣኝ ዘሊካ አየችኝ። ውሃው ዳር ቆሜ ስንቀጠቀጥ አሳቅኳት መሰለኝ፣ ያላ ግቢ ብላ እጄን ያዘችኝ። ዛሬ የእሷ ረዳት ሆኜ፣ የምስክር ወረቀትም ይዤ፣ ሴቶችና ሕፃናት አስተምራለሁ። የደጋ ልጅ የዋና አስተማሪ ሆነች ብለው ሳጃና ሰፈር ያሉት ያገሬ ልጆች «ዓሣዋ» ይሉኛል። መጀመሪያ የማስተምረው መዋኘት አይደለም። በጀርባ ተኝቶ፣ ፊትን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ሳይታገሉ መንሳፈፍ ነው።

ወንድሜ ቢልልኝ አምና መጥቶ እኔ ዘንድ ሲያርፍ ልቡ ሊቢያ ነበር። ሶባ ግንባታ ሥራ ላይ ውሎ በመጣ ቁጥር፣ እህቴ፣ ክለቡ ሳይከፈት በጠዋት አስተምሪኝ እያለ ይለምነኝ ነበር። ይህንኑ ለእማዬ በስልክ ባጫውታት አለቀሰች። ዋና ከቻለ ባሕሩን ይንቀዋል፣ ካልቻለ ፈርቶ ይቀርልኛል፤ ባጠባሁሽ ጡት ይዤሻለሁ፣ እንዳታስተምሪው አለችኝ። በጡቷ ይዛኝ እንዴት እምቢ ልበላት? የሰውን ልጅ ሁሉ እያስተማርኩ የገዛ ወንድሜን ከለከልኩት። እሱ ግን አልፈራም፤ ሄደ።

አብራው የሄደችው ስንቅነሽ የእኔ ተማሪ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ከጣሊያን ደወለችልኝ። ጀልባው ሲገለበጥ በጀርባዋ ተኝታ፣ መርከብ እስኪደርስላት ተንሳፍፋ ቆየች። ቢልልኝን ካጠገቧ አይታዋለች፤ ይታገል ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። አንቺ ነሽ ነፍሴን ያተረፍሽው እያለች አለቀሰች።

አክስቴ፣ መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አጥቼው አይደለም፤ ለአንቺ እንዲህ በማርዳቴ ይቅር በይኝ። ለእማዬ ግን ወጉ አይቅርባት። የንስሐ አባቷንና ጎረቤቶቿን ይዘሽ ሳይነጋ ሂጂላት። እኔ ወደ አገር ቤት የምመጣበት ጉዞ እስኪሳካልኝ አንቺ አብረሻት እደሪ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለቅሶው ጋብ ሲል እማዬ ያን ቃሏን ማስታወሷ አይቀርም። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ዋና ቢችል ይተርፍ ነበር ማለት ስትጀምር አታስጨርሻት። ልጅሽ ተደብቃ አስተምራዋለች በያት። ጎበዝ ዋናተኛ ሆኖ ነበር፣ ማዕበሉ በረታበት እንጂ በያት። የስንቅነሽን ነገር ከቶ እንዳታነሺ። አስተምራዋለች ስትያት ቃሌን ጥሳ ልጄን ለባሕር ያደፋፈረችው እሷ ናት ብላ በእኔ ትነሣለች። ትነሣ። ዓይኗን አልይ ብትል እንኳ ላስታርቃችሁ አትበይ። እሷ ደክማለች፣ ይህን የምትሸከምበት ጉልበት የላትም።

ፈጣሪ ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን። ጉልበትሽን እየሸፈንሽ፣ በርቺልኝ።

የእናቷን ቃል ያልሰማችው፣
የእህትሽ ልጅ