ቁጥሩና ልኩ

ሞላሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ትናንት እናቲቱን በጌን የትል መድኃኒት ላጠጣት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ መስመር እንዳይጠፋብኝ የታችኛውን በእጄ ሸፍኜ አነባለሁ። ከመድኃኒቱ ጋር በተሰጠኝ የአሰጣጥ ወረቀት ላይ መስመሩ «ለአንድ በግ 5» ብሎ አለቀ። አምስት ማንኪያ መስሎኝ ቀዳሁ። በጊቱን ልይዛት እጄን ሳነሳ «ሚሊ ሊትር» የሚለው ታች ቁጭ ብሏል። ለካ አንዲት የሻይ ማንኪያ ብቻ ኖሯል!

ዛሬ እንስሳት ክሊኒክ፣ ወረቀቱን ወደ ጻፈችው ልጅ ሄድኩ።

«በጌን ልትፈጂብኝ ነበር!» አልኳት።

እንደ ሌሎቹ ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። ወንበሯን ለቀቀችልኝና ኮምፒዩተሩን አሳየችኝ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ጋ የማይበጠስ ክፍተት ማስገባት ነበረብኝ፤ ቁጥሩንና ልኩን አንድ ላይ ይይዛቸዋል» አለች። ነካ ስታደርገው አምስቱ ወርዶ ከሚሊ ሊትሩ ጎን ቆመ።

«እንግዲያ ሁሉንም እሰሪዋ!»

«ሁሉንም ካሰርኩማ መስመሩ ይንሻፈፋል፤ ቁጥርን ከልኩ ጋር ብቻ ነው።»

እስከ ራቤል ከተማ ድረስ የተበተነውንም ወረቀት ልትለውጥ ቃል ገባችልኝ። ባለማወቄ ሲሳቅብኝ ኖሬ፣ ዛሬ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለኝ ሰው አገኘሁ። መርቄያት ወጣሁ። ምርቃት ከአፌ ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው።