ስለ መኪናችን መሪ ብቻ

ለተከበሩ ጓድ ወልደዮሐንስ፣
የአውራጃው የጭነት ስምሪት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዲላ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና ከቢሮዎ መስኮት ሥር የምትቆመው አዲሷ መኪናዎ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በእርስዎ ጥላ ሥር አልሐምዱሊላህ እንተነፍሳለን። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ ባሽገውም እጅዎ ሳይደርስ መከፈቱ ስለማይቀር የሰዎችን ድካም ላለማብዛት ብዬ ነው።

እኔ ፈድሉ ከማሉዲን፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጠው፣ ከታናሽ ወንድሜ ከነዚፍ ጋር አንዲት የጭነት መኪና እንዳለችን ያውቃሉ። እሱ ይነዳታል፣ እኔ ደግሞ እስኪመለስ በር በሩን አያለሁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አዲሶቹ ጎማዎች ከልብ አመሰግናለሁ። ወረፋችን ደርሶ አሮጌዎቹን አስረክበን ሁለት አዲስ ጎማ ስንቀበል፣ የነዚፍ ባለቤት ሀጅራ የሠርግ ያህል እልል ብላለች። ከፊት አስገብተናቸው ነዚፍ ቡና ሊያመጣ ወደ ሬኮ ሲወጣ ግን፣ መኪናዋ ፍጥነት ስታገኝ መሪው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲመለስ ክርኑ ዝሎ ዳቦ መቁረስ አቃተው። ጽሕፈት ቤትዎን ወዲያው ማስቸገር ነውር ስለመሰለን ምክንያቱን ራሳችን ፈለግን። ቡሎኖቹን ፈትተን በወጉ አጠበቅን፤ ኩሽኔታውን አየን፤ ግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዛወርን፤ አልተወውም። በመጨረሻ በክሪክ አንስተን፣ ከጎማው አጠገብ እንጨት ተክለን በእጃችን ብናሽከረክረው አንዱ በኩል እንጨቱን ይነካል፣ ሌላው በኩል አይደርስበትም። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው፤ ክብ ግን አይደሉም። መጋዘን ውስጥ ከክምሩ ሥር ተጭነው ብዙ ክረምት ስለከረሙ ጎብጠዋል። የኋላዎቹን ወደ ፊት እንዳናመጣ ሽቦአቸው ወጥቷል። ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር አልነበረንም።

ሁለተኛ፣ በሾፌሮችና በባለ መኪኖች የውይይት ክበብ ሁሉም ያለበትን ችግር ሳይፈራ እንዲናገር ስለ ሰጡን ዕድል አመሰግናለሁ። ነዚፍ የዋህ ነውና ሳይፈራ ተናገረ። እጁን አውጥቶ ቆመና፣ ሁላችንም እንደሰማነው፣ እንዲህ አለ፦ «አዲስ ጎማ ከገባ ወዲህ መሪው ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ሲጨምር ይብስበታል። ቶሎ ካልታየ ይዞን ገደል ይገባል።»

ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ባይስቅ ኖሮ ነገሩ ጎማ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ያንን የሳቀ ሰው እስከ ዛሬ አላወቅሁትም፤ አላህ ግን ያውቀዋል። እርስዎ ከመድረኩ መነጽርዎን አውልቀው፣ «የትኛው መሪ?» ብለው ጠየቁ። ወንድሜም እየተደነቀ፣ «ያለን መሪ አንድ ነው፣ ጓድ» ሲል መለሰ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከአዳራሹ በር ሳይወጣ ወሰዱት።

ሦስተኛ፣ ከአዲሶቹ ይልቅ አሮጌዎቹ ይሻሉን ነበርና ይመለሱልን የሚል ቅሬታ ነበረኝ። ጽፌው መልሼ ሳነበው ላብ አጠመቀኝ። ስለዚህ ሦስተኛ የለም።

አራተኛ፣ ስለ ወንድሜ ላስረዳ ስመጣ ቃሌን በትዕግሥት ስለ ተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። እኔ በነገሩ ገብቼ ላቃናው ብዬ ነበር። ግራውን ወደ ቀኝ አዙረን ሞክረናል ስል ቃል የሚጽፈው ወጣት ብዕሩን አቁሞ አየኝ። ደንግጬ፣ መሪው ራሱ አንዳች ጥፋት እንደሌለበት፣ ጥፋቱ ሁሉ ከሥር ካሉት መሆኑን አጥብቄ አስረዳሁ። ይህን ስል የእርስዎ ፊት እንዴት እንደ ጠቆረ አይቻለሁ፤ ከሥር ያሉት ያልኳቸው ጎማዎቹ እንደሆኑ ለመጨመር ስሞክርም በቂ ነው ተባልኩ። እንዲህ ሆነና የነዚፍ እስር በእኔ ማስረዳት ረዘመ።

በእነዚያ ሳምንታት ሀጅራ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አለ ብለን እፎይ እንላለን። አንድ ቀን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። ያን ቀን ሱቄን ከፍቼ ተቀምጬ አንዱን ጨርቅ ስዘረጋና ሳጥፍ ዋልኩ፤ ደንበኞች ምን እንደጠየቁኝ አላስታውስም። በማግስቱ ጥርሱን አሞት እንደነበር ተነገረን። ጥርሱ እንዴት እንደታመመ አልጠየቅንም። ዝም አይነቅዝም።

የከተማው ሾፌሮችም ከዚያ ወዲህ ያንን ዕቃ በስሙ አይጠሩትም። ጋራዥ ሄደው «ክቡ ትንሽ ከበደኝ» ይላሉ፤ ባለ ጋራዡም ግራ ቀኙን ቃኝቶ ነው እሺ የሚለው።

አምስተኛና ዋናው። ወንድሜ እንዲፈታ «የመኪናችን መሪ አይንቀጠቀጥም፤ ተንቀጥቅጦም አያውቅም» የሚል ቃል አዘጋጅተው ስላስፈረሙን ውለታዎን አንረሳም። ነዚፍ ፈረመ፣ እኔ ፈረምኩ፣ እርስዎም ፈርመው ማኅተም አኖሩበት። ወንድሜን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ ያን ቀን መሪው ይዘፍናል በሉ ቢሉኝም እፈርም ነበር።

ጎማዎቹ ግን ይህን ወረቀት አላነበቡም። መሪው ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ብንወስዳት በማኅተም ጤነኛ የተባለ መኪና መንካት እንደማይችሉ በትሕትና ነገሩን። ሌላ ጎማ እንዳንጠይቅ የምንጠይቅበት ምክንያት በፊርማችን ተሽሯል። አሁን ደግሞ፣ መኪናችን ሙሉ ጤነኛ በመሆኗ፣ ለመስከረም ሁለቱ በዓል ከባንኮ ጎቲቲ ሰልፈኞች ጭና ወደ ዲላ እንድታወርድ ታዝዛለች። ክረምቱ መንገዱን እንዴት እንዳደረገው፣ ከይርጋጨፌ ወዲህ ያለው ቁልቁለት ምን እንደሚመስል እርስዎ በመኪናዎ ስለሚመላለሱ ያውቁታል። ከኋላ ተጭነው የሚቆሙት ሰዎች የቡና ከረጢት አይደሉም። ሀጅራም ከሴቶች ማኅበር ጋር ወጥታ አብራ እንድትወርድ ተነግሯታል።

ነዚፍ እምቢ ማለት አይችልም። እኔም እምቢ በል ማለት አልችልም። ዳግመኛ ከታሰረ ከእስር የማወጣበት ቃል አላውቅም፤ የማውቃቸው ቃላት ያደረጉትን አይተናል። ፈርቻለሁ፣ ጓድ። ይህን ያህል በግልጽ መጻፍ ከተቻለ፣ ወንድሜ ሰው ይገድላል፣ አለዚያም ይሞታል ብዬ ፈርቻለሁ። ሁለት ክብ ጎማ ብቻ ቢገኝልን፣ ምክንያቱን ሳንናገር፣ እርስዎም ሳይጠይቁን፣ እንዲያው በዝምታ ብንቀበል ምን ነበረበት?

ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ስለ መሪው ጤንነት በፊርማዎ የመሰከሩት እርስዎ ነዎትና፣ በዕለቱ ከባንኮ ጎቲቲ እስከ ዲላ ከወንድሜ ጎን በክብር እንዲጓዙልን ጋቢናውን አጥበን፣ ምንጣፍ አንጥፈን እንጠብቅዎታለን።

አላህ ማኅተምዎን ከእርጥበት፣ እርስዎን ከክፉ፣ እኛንም ከቃላችን ይጠብቅልን እያልኩ፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ፈድሉ ከማሉዲን
ዲላ፣ ነሐሴ 1975 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ነዚፍ በዕለቱ ሰዎቹን አሳፍሮ ከመነሳቱ በፊት፣ «ቁልቁለት ልንወርድ ነውና እርስ በርሳችሁ ተያያዙ» ሊላቸው አስቦ ነበር። ይህ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ምን ማለት እንደሚሆን ስላላወቅን፣ ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ እንዲነዳ መክሬዋለሁ።