ስለ ተከበረው ማይክሮስኮፕና ስለ ታገደችው መርማሪ

ለተከበሩ የዘር ጥራት መመርመሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤንነትን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርሃንን እመኛለሁ፤ የመጨረሻውን ለምን በተለይ እንደ ተመኘሁ ከታች ያገኙታል። እኔ በዚሁ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ የመመርመሪያ ክፍሉ አለቃ ሳለሁ በጡረታ የተሰናበትሁ ሽማግሌ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በበራችሁ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ አንዲት መርማሪ አቀንጭራ የተባለው አረም የተቀላቀለበትን የማሽላ ዘር «በቸልተኝነት» አሳልፋለች ተብላ ከሥራ መታገዷን አነበብሁ። ማስታወቂያው ሦስት የሰዋስው ስሕተት አለበት፤ ዛሬ ግን እነሱን የማርምበት ቀን አይደለም። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ማይክሮስኮፑ አያያዝ። ያ ስቴሪዮ ዙም ማይክሮስኮፕ፣ እርስዎ በተሾሙ በሦስተኛው ወር ከመመርመሪያ ክፍሉ ወጥቶ በስብሰባ አዳራሹ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በዋንጫዎቹ መካከል እንዲቆለፍበት ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ለማያውቁት ላስረዳ፦ ይህ መሣሪያ ናሙናውን መክተፍ ሳያሻው፣ ፍሬውን እንዳለ ከሥሩ አስቀምጠው ጎኑ ላይ ያለውን መዘውር ሲያዞሩት ከሰባት እስከ አርባ አምስት እጥፍ ያጎላል፤ በሁለት ዓይን ስለሚታይም ጉብታው ከጎድጓዳው ይለያል፤ እጅም ከሥሩ ወረንጦ ይዞ እንደ ልቡ ይሠራል። ዛሬ ግን የሚያጎላው የጽሕፈት ቤቱን ስም ብቻ ነው።

፪. በምትኩ ለመርማሪዋ ስለ ሰጧት፣ እጀታው ስለ ተሰነጠቀ የእጅ ማጉያ። የአቀንጭራ ዘር ከትቢያ አይለይም፤ ከማሽላው ጋር ተዘርቶ፣ ከመሬት በታች ሥሩን ሲመጥ ከርሞ፣ ገበሬው የሚያየው አዝመራው ካለቀለት በኋላ ነው። በዚያ ማጉያ አላገኘሽውም ብሎ መቅጣት፣ ሰውን እጁን አስረው ወንዝ ከጣሉት በኋላ አለመዋኘቱን እንደ መውቀስ ነው።

፫. ስለ ፍጥነትዎ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለመጠየቅ ሁለት ደብዳቤ ጽፋ አርባ ቀን መልስ ያጣችው ሴት፣ የእገዳ ደብዳቤዋን በአንድ ጀንበር አግኝታለች። ሥራ ይጓተታል የሚሉ ሁሉ አፋቸውን ይያዙ።

፬. እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። እርስዎ ዘወትር የሚጠቅሱትን፣ «መሣሪያው ያለ ኃላፊው ፈቃድ አይነካም» የሚለውን ደንብ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንድ ሠራተኛ ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል አግኝቼው፣ በንዴት በአንድ ከሰዓት ጻፍሁት። ዓረፍተ ነገሩ እንከን ስለሌለው ለዓመታት ኮራሁበት፤ ከእኔ በኋላ ፈቃዱን ማን ይሰጥ ይሆን ብዬ ግን አላሰብሁም።

ይህ ብቻ ቢሆን እንቅልፍ ባልነሣኝ። ዘሩ ከመታደሉ ሁለት ሳምንት በፊት ያች መርማሪ ናሙና በፖስታ ይዛ ቤቴ መጣች። ሥራውን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ዘሩ እንዳላማራት፣ ቀነ ገደቡ ግን እንደ ደረሰባት ነገረችኝ፤ ቀጥላም «አባባ፣ ኃላፊው እኔን አይሰሙኝም፤ እርስዎን ግን እምቢ አይሉም። አንድ ስልክ ብቻ ይደውሉልኝ» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ በእኛ ጊዜ በዓይናችን ነበር የምናየው» አልኋት።

ውሸቴን ነው። በእኛ ጊዜ ያለ ማይክሮስኮፑ አንድም ጆንያ አላለፈም። ስልኩም ከጉልበቴ አጠገብ ነበር። እርስዎን መለማመጥ ክብሬን የሚቀንስ መሰለኝ፤ በዚያ ላይ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምክር የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ትልቅ ሰው መምሰል አማረኝ። ፖስታውን ቆይቼ አየዋለሁ ብዬ ከመሳቢያ ወረወርሁት። እሷም የአስተማሪዋን ቃል አምና ፈረመች።

ማስታወቂያውን ካነበብሁ በኋላ ፖስታውን ይዤ፣ ከቤቴ ማዶ በደረጃ ሥር ወደሚሠራው ስልክ ጠጋኝ ሄድሁ፤ የእሱ መሣሪያ የእኛው ማይክሮስኮፕ ታናሽ ወንድም ነውና። የተበተነውን ስልክ ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ። ዐሥራ አንድ የአቀንጭራ ዘር ቆጠርሁ፤ ቡናማ፣ ባለ ሸንተረር፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ። ቀና ስል ዓይኔን አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ አልሁት። ቀኑን ሙሉ ሲሠራበት ያረጅበት እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ «ይኼ እኮ ሲሠራ አይሞትም፤ ሲቀመጥ ነው ሌንሱን ሻጋታ የሚበላው» አለኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ መርማሪዋ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ሰኞ ጠዋት ጉዳይዋን በሚያየው ኮሚቴ ፊት፣ ቀኑ በእጅ ጽሑፏ የሰፈረበትን ፖስታ ይዤ እቀርባለሁ። ከማስታወቂያው ላይ «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል አይፋቅ፤ ስሙ ብቻ ይለወጥ፤ የእኔ ይግባበት፣ ቦታ ከተረፈም የእርስዎ ይከተል። አዝመራቸው ለጠፋባቸው ገበሬዎች ልጽፍ የጀመርሁትን ደብዳቤ ግን ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ የማውቀው የአክብሮት ቃል ሁሉ አልበቃ አለው።

የመስታወቱን ቁም ሣጥን በሩቁ እጅ እየነሣሁ፣ ለዋንጫዎቹም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣

ደንቡን የጻፍሁት፣ ስልኩን ያልደወልሁት፣
ጡረተኛው የዘር መርማሪ

ማስታወሻ፦ ስልክ ጠጋኙ ከምሳ በኋላ ማይክሮስኮፑን ለጽሕፈት ቤትዎ ሊያውስ ፈቅዷል። ማመልከቻም ሆነ ፊርማ አይጠይቅም፤ ተራ መጠበቅ ብቻ ነው። ከትናንት ጀምሮ ገበሬዎች የተረፋቸውን ዘር ለማስመርመር ወደ እሱ እየያዙ ስለሚመጡ፣ የታገደችው መርማሪ ወንበሩን ይዛዋለች።