አያማትም አልኩት

መጋቢት 2

የጎረቤት የወጥ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሰንብቶ ዛሬ ጠሩኝ። ጎማው ተበልቷል፤ ቀየርኩት። ጡረታ ወጥቻለሁ ብል የሚሰማኝ የለም።

ከሰዓት ከልጄና ከጠብታ ጋር ሆስፒታል። የልጅ ልጄን ጠብታ ያልኳት እኔ ነኝ። ስትወለድ ከመፍቻዬ አትበልጥም ነበር። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችን። ግራ ኩላሊቷ፣ ከሥሩ ቱቦው። ቱቦው ሲጀምር ጠባብ ነው። ሽንቱ እንደ ልቡ አይወርድም፤ ኩላሊቱ ያብጣል። ጠባቡን ቆርጠው መልሰው ይሰፉታል። ለሚያዝያ 5 ቀጠሩን።

"ይኼማ የኔ ሥራ ነው" አልኩ። ሐኪሟ ሳቀች። ጠብታ ግን የምሯን ነው።

"ታዲያ ለምን አንተ አትሠራልኝም አባባ?"

"የኔ መፍቻ ላንቺ ትልቅ ነው።"

ቤታችን ውስጥ "አንተ" የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ደም ሲቀዱላት ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አላለቀሰችም። በዚህ ቤት አይለቀስም። እናቷንም እንደዚሁ ነው ያሳደግኩት።

መጋቢት 16

ወረርሽኙ እኛም ሰፈር ደረሰ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ያለውም ሰው አፉን ሸፍኗል።

ከሆስፒታል ተደወለ። "አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ጥገና ሁሉ ተላልፏል። ተራችሁ ሲደርስ እንደውላለን።" መቼ? "እንደውላለን።"

ልጄ ሄጄ ልለምናቸው አለች። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው አባዬ።"

ጠብቁ ተብለናል፣ እንጠብቃለን። ሰው ትንፋሽ አጥቶ እየሞተ ነው። ተራ ደግሞ ተራ ነው።

መጋቢት 24

ልጄ የምትሠራው ዳቦ ቤት ነው። ዳቦ ቤት አይዘጋም። ከጠብታ ጋር የምውለው እኔ ነኝ።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልወድም። ቧንቧ እንቢ ሲል ምን አደርግ ነበር? ግፊት እጨምራለሁ። ውሃ ሲበረታ መንገዱን ይጠርጋል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትም ከሰዓትም አንድ አንድ ጆግ ውሃ።

"በቃኝ አባባ።"

"ጨርሺ።"

ጨረሰች። ጎበዝ።

ሚያዝያ 5

ቀጠሮዋ ዛሬ ነበር። ስልኩ አልጮኸም።

ሚያዝያ 13

ውሃውን ከጠጣች በኋላ ጓሮ ሄዳ ከባዶው የውሃ በርሜል ጀርባ ትቀመጣለች። ምን ትሠራለች እዚያ? "ጨዋታ ነው" አለች። ግራ ጎኗን ግድግዳው ላይ ተጭና፣ ጉልበቷን አቅፋ... ምን ዓይነት ጨዋታ ነው እሱ?

ዛሬ ደግሞ አስመለሳት። ምሳ ላይ ቸኩላ ነው የበላችው።

ግንቦት 6

ራሴ ሄድኩ፣ ጠብታን ይዤ። የሆስፒታሉ በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ዘበኛው የሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ደገነው።

"የልጆች ክሊኒክ ዝግ ነው አባቴ። የቀዶ ጥገናው ክፍልም ለትንፋሽ ሕመምተኞች ሆኗል።"

"ቀጠሮ ነበራት።"

"ቀጠሮ ያልነበረው ማን አለ?" ዝቅ ብሎ ጠብታን አያት። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። "ያማታል? ካመማት ድንገተኛ ነው፤ አስገባችኋለሁ። ያማታል ይበሉኝ ብቻ።"

በሩን እየከፈተልኝ ነው። ደግ ሰው ነው። እኔ ግን በውሸት በር አልገባም። ወደ ጠብታ ዞርኩ።

"ያምሻል?"

ቀና ብላ አየችኝ። "አያመኝም።"

"አያማትም" አልኩት።

"እርስዎን የመሰለ ሰው ገና ዛሬ አየሁ" አለ። "ሌላው ጉንፋን ይዞት ሞትኩ ይላል።"

ስንመለስ መንገድ ላይ ቁጭ፣ ደግሞ ቁጭ አለች። ጫማዋ ጠቧት ይሆን?

ግንቦት 19

ውሃዋን ሳልነግራት ትጠጣለች። ለምዳዋለች።

ሰኔ 3

ልጄ ዛሬ ከሥራ ቀድማ ገባች። ጠብታን ከበርሜሉ ጀርባ አገኘቻት። የሹራቧን እጅጌ ነክሳ፣ በላብ ተጠምቃ። ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?"

"ውሃ ስጠጣ ነው። ከዚያ ይተወኛል። ዛሬ ግን እንቢ አለ።"

"ለምን አልነገርሽንም የኔ እናት?"

"በዚህ ቤት አይለቀስማ።"

ልጄ ወደኔ ዞረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሰሙ አባዬ?"

ሰማሁ።

ሰኔ 4

ያው በር፣ ያው ዘበኛ። ገና ሳይነጋ ተሸክሜያት ስመጣ ምንም ሳይጠይቅ ከፈተው። አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚገባው። እናቷ ገባች። እኔ አጥሩ ሥር ዋልኩ።

ሰኔ 12

ሐኪሟ ወጥታ አነጋገረችኝ። ከጭምብሉ በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን። በጠብታ ጀርባ ቀጭን ቱቦ አስገብተው መግሉን አፍስሰዋል። ነፍሷ ተርፋለች። ኩላሊቱ ግን... ካገገመ ብለው እየጠበቁ ነው።

ስለ ውሃው ነገርኳት። ምንም አልደበቅኩም።

"ጥበቱ ላይ ብዙ ውሃ ሲመጣ ኩላሊቱ ይወጠራል፤ ያማታል። ግፊት ደግሞ አይከፍተውም። የጠበበው ሥጋው ራሱ ነው እንጂ ቆሻሻ ይዞት አይደለም።" ቀጥላም "ኩላሊቱን የጎዳው መዘግየቱ ነው አባቴ። በሩን የዘጋነው እኛ ነን። እንደሷ የዘገዩ ልጆች ዋርዱን ሞልተውታል" አለች።

ልታጽናናኝ ነው። በሩ አንዴ ተከፍቶልኝ እንደነበር አታውቅም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። የኔዋን ግን ዝም እያሰኘ ነው ሊወስዳት የነበረው። ዝም ማለትን ያስተማራት ማን ነው?

ነሐሴ 20

ኩላሊቱ አላገገመም። ዛሬ አወጡት። "በአንድ ኩላሊት ሰው ሙሉ ዕድሜውን ይኖራል" አለች ሐኪሟ። አምናታለሁ። በአንድ ፓምፕ የሚሠራ ሕንፃም አለ። መጠባበቂያ ግን የለውም።

መስከረም 14

ስልክ። "ከሆስፒታል ነው። የልጅቷ የቀዶ ጥገና ተራ ደርሷል።"

"የምኑ ቀዶ ጥገና?"

"የግራ ኩላሊት ቱቦ ይላል።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ... ደዋይዋን ልሰድባት ነበር። የምታነበው የተሰጣትን ነው፤ ምን ታድርግ?

"ኩላሊቱ ወጥቷል" አልኳት። "ተራዋን ለሌላ ልጅ ስጡት። ዛሬውኑ ደውሉለት። አያመኝም ካለም አትመኑት።"

ጥቅምት 8

ጠብታ ደረጃው ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ድምፅ ሳታሰማ ተነሥታ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ጀርባ።

ተከተልኳት። ወገቤ እንቢ እያለ እንደ ምንም መሬት ተቀመጥኩ።

"ያምሻል?"

"አያ..." አየችኝ። "ያመኛል።"

"ታዲያ አልቅሺ።"

"በዚህ ቤት አይለቀስም እኮ።"

"ይለቀሳል።"

ትንሽ ሞከረች። እንደ ድመት።

"ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።"

ያን ጊዜ ከልቧ አለቀሰች። ስለ ጉልበቷ ብቻ አልመሰለኝም። ጎረቤቱ በአጥር ብቅ ብሎ "ምነው፣ ምን ሆነች?" አለ።

"እያለቀሰች ነዋ! አይታይህም?" አልኩት።

ስትጨርስ ራሷ ውሃ አምጣልኝ አለች። ግማሽ ብርጭቆ ጠጥታ የቀረውን መለሰችልኝ። ደፋሁት። ከዚያ በርሜሉን ገፍቼ ከግድግዳው አጣበቅኩት። ከጀርባው አሁን ድመት እንኳ አይገባም።